የዳሚት እንገር

ጣኢፍ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017

ለወንድሜ ልጅ ለጣይባ መሕሙድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺ፣ ባለቤትሽ ጣሀ፣ አማትሽ እማ ፋጡማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከጆሮዬ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያ ድንጉላ ፈረስ ራሴን ከረገጠኝ ወዲህ ስልክ ለእኔ የሚንቀጠቀጥ ሳሙና ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንጨዋወታለን። የጻፍሽውን ጣሀ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ይላክልኝ፤ እኔም የምጽፈውን እዚህ ሳውዲ ፈረስ ቤቱ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በስልካቸው ይልኩልሻል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዳሚት እንደገና ከአህያ አርግዛለች ብሎ ከደጋን የመጣ ሰው ነገረኝ። ይህችን ባዝራ ለአባትሽ የርቢ የሰጠሁት እርሱ እየቀለበ እንዲያረባት፣ የሚወለደውን በተራ እንድንካፈል ነበር። እርሱ ወደ ማይቀረው ሲሄድ ገመዷን አንቺ ያዝሽ። የመጀመሪያዋ በቅሎ አደገች፣ የእኔ ተራ ነበርና ተሸጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ የወለደቻቸው ሁለቱም ደህና ተወልደው ሳይሰነብቱ ሞቱ። አገሩ «ሾተላይ አለባት፣ ልጅ አያቆምላትም» እያለ ነው አሉ።

ሆዷ ሳይገፋ ሽጫት። ኮምቦልቻ ለጋሪ የሚፈልጋት አይጠፋም። ዕድሜዬን በፈረስ ቤት ስጨርስ ያየሁት፣ ልጅ የማያቆምላት ባዝራ ገለባ ከመፍጀት በቀር ትርፍ እንደሌላት ነው። ይህን እንደ ምክር አትቁጠሪው፤ የባለቤቷ ቃል ነው።

አላህ ደጃችሁን በኸይር ይሙላው።

አጎትሽ ኑርሁሴን


ከደጋን በላይ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለኑርሁሴን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የእርስዎን ጤና የሰጠን አላህ ይመስገን፤ ጆሮዎንም ይመልስልን። ደብዳቤዎን ጣሀ ከኮምቦልቻ ይዞልኝ መጣ። አሁንም እዚያው ፋብሪካ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ይመጣና ሰኞ በማለዳ ይመለሳል። እኛም ማሽላችንን አጭደን፣ አሁን ከወፉ ጋር እየተካፈልን ነው።

ዳሚት አትሸጥም።

ይቆጡ ይሆናል፤ ግን ይስሙኝ። የከብትን ዐይብ፣ ጉድለቱን፣ ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ልጅ ሳለሁ፣ ያችን ተዋጊ ላም በሸጥንበት ዓመት። ታዲያ ለገዢው ምን ልበለው? «ይህች ባዝራ ሾተላይ አለባት» ብዬ ብጀምር ገመዱን ጥሎልኝ ይሄዳል። ብደብቀው ደግሞ ገንዘቡ የእርስዎ ነውና ሐራሙም የእርስዎ ነው። እኔ አጎቴን እንዲህ ካለ ነገር ውስጥ አላስገባም። ለአህያም የሰጠኋት እኔ አይደለሁም፤ ቃርሚያ ላይ ተለቀው ሳለ ራሳቸው ተስማሙ።

ቀልዱ ይህን ያህል ይበቃል። እርስዎ እንደሚያውቁት እኔም ልጅ አላቆምኩም። አንዱ ሳይወለድ፣ ሁለቱ ተወልደው ሄደዋል፤ ለሁለቱም ከዚያ ሆነው ሰደቃ አውጥተውላቸዋል። አገሩ ለዳሚት ያወጣው ስም መጀመሪያ የወጣው ለእኔ ነው። እማ ፋጡማ «በአንድ ግቢ ሁለት ሾተላይ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እርሷን በዚህ ስም የሸጠ ሰው፣ ነገ እኔን በዚሁ ስም ወደ አባቴ ቤት ይመልሰኛል። ጣሀ ደግ ነው፤ ግን የእናቱ ልጅ ነው። ስለዚህ ዳሚት እዚሁ ትወልዳለች፤ የሚሆነውን ከጎኗ ሆኜ አያለሁ።

ከቻሉ ያንን አንገት የማይልጥ ለስላሳ የፈረስ ማሰሪያ ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ለእርስዎ ዱዓ የማታቋርጥ ልጅዎ፣
ጣይባ


ጣኢፍ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ለጣይባ መሕሙድ፣

ሰላምታዬ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ። መልሴ የዘገየው ተቆጥቼ ስለነበር ነው። በእኔው ትምህርት ቃዲ ሆነሽ ፈረድሽብኝ። ቁጣዬ ሲበርድ ግን የተናገርሽው እውነት ሆኖ አገኘሁት።

እዚህ ፈረስ ቤት አንድ ሱዳናዊ የእንስሳት ሐኪም አለ፤ እኔ አወራለሁ፣ እርሱ እየጻፈ ይመልስልኛል። ስለ ዳሚት ባወራው «እንዴት ሆነው ሞቱ?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ። ሲወለዱ ቆመው ነበር? ጠብተው ነበር? ድዳቸው ምን መልክ ነበረው? ሽንታቸውስ? ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ትንሽ ነው ብለሽ የምትተይው ነገር አይኑር።

ማሰሪያውን ወደዚያ በሚመለስ ሰው እልካለሁ። ስለ ራስሽ የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ። ከዱዓዬ አልወጣሽም። አብሽሪ፣ አይዞሽ።

አጎትሽ


ከደጋን በላይ፣ ጥር 15 ቀን 2017

ለውድ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በፈረሶቻችሁም ላይ ይሁን። የጠየቁኝን ልጻፍ፤ የማልወደው ጽሑፍ ነው።

ሁለቱም ሲወለዱ ምንም አልነበራቸውም። ሁለተኛው እንዲያውም እናቱ ሳትነሳ ቆሞ ጡት ፍለጋ ጀመረ፤ አፉ አረፋ እስኪሆን ጠባ። «ይኼ እንኳ ይተርፋል» ተባባልን። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ተኝቷል። ሳነሳው ተመልሶ ይተኛል፤ ያዛጋል፤ ጡት አፉ ላይ ሳደርግለት ይልስና ይተወዋል። ከንፈሩን ስገልጠው ድዱ እርድ የነካው ይመስላል። የዓይኑ ነጭም እንደዚሁ። ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ነበር። ትንፋሹ እየፈጠነ ሄደና ከሰዓት በኋላ ቆመ። ዳሚት ጡቷ ተወጥሮ ወተቱ በጭኗ እየወረደ ታሸተው ነበር። የፊተኛውም አሟሟት ይኸው ነው።

ያንን ቢጫ በሌላ ቦታም አይቼዋለሁ። የት እንደሆነ አልጽፈውም፤ ያውቁታል።

ለሐኪሙ ይህን ሁሉ ይንገሩት። ዳሚት ሆዷ እየሰፋ ነው፤ ልትወልድ ወራት ብቻ ቀርተዋታል።

ልጅዎ ጣይባ


ጣኢፍ፣ የካቲት 9 ቀን 2017

ለጣይባ መሕሙድ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ወረቀትሽን ለሐኪሙ ወደ ዐረብኛ ስመልስለት «ድዱ ቢጫ» የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አነሳ። «በቃ፣ አውቄዋለሁ» አለኝ።

ነገሩ ዓይንም ጂንም አይደለም። የደም ጠብ ነው። ውርንጭላው የአባቱን የአህያውን ደም ይዞ ይመጣል። የዳሚት ደም ይህን እንግዳ ደም በመጀመሪያው እርግዝና ለመደውና ከዚያ ወዲህ ጦር ሲያዘጋጅለት ኖረ። ጦሩ ተከማችቶ የሚቆየው በእንገሯ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ውርንጭላው ደህና ሆኖ የሚወለደው፤ የገዛ እናቱን የመጀመሪያ ወተት ሲጠባ ነው ደሙ የሚፈርሰው።

ስለዚህ የምልሽን አጥብቀሽ ያዢ። እንደተወለደ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ፣ ለይው። ቢጮህም ለይው። እናቱ ግን ታየው፣ ታሽትተው፤ ካልሆነ በኋላ ልጄ አይደለም ትለዋለች። ሁለት ጀንበር እስኪጠልቅ ጡቷን አይንካ። አንቺ በየጊዜው እያለብሻት ድፊው፤ ሦስተኛው ቀን ሲነጋ ጦሩ አልቆ ተራ ወተት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልቀቂው። ያለ እንገር ደግሞ ሌላ በሽታ ይጥለዋልና የሌላ ባዝራ እንገር ያስፈልገዋል፤ በቅሎ አርግዛ የማታውቅ ባዝራ መሆን አለባት። እትብቱን አትቁረጪ፣ በራሱ ይበጠስና አዮዲን ንኪው። የእንግዴ ልጁም ሳይቀደድ ሙሉውን መውጣቱን ዘርግተሽ እዪ።

ከማሰሪያው ጋር ትልቅ ጡጦ እልክልሻለሁ። እዚህ እናታቸው ለሞተችባቸው ውርንጭላዎች የምንጠቀምበት ነው።

ሽጫት ያልኩትን ቃል አንስቻለሁ።

አጎትሽ ኑርሁሴን


ከደጋን በላይ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017

ለአባቴ ምትክ ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ በጣሀ ስልክ አልላክሁትም። የጎረቤታችን ልጅ ሀፊዝ ሥራ ፍለጋ ወደ እናንተ አገር እየመጣ ነውና በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

መጀመሪያ የዳሚትን። ማሰሪያውም ጡጦውም ደርሶኛል። እንገር ፍለጋ ኮምቦልቻ ወርጄ የጋሪ ፈረሶች የሚቆሙበት ዞርኩ። ብሩ የሚባል ባለጋሪ ልትወልድ የቀረበች ባዝራ አለችው፤ ከፈረስ ነው ያረገዘችው፣ በቅሎ አታውቅም። እንገሯን ልለብ ብለው ባለጋሪው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሳቀብኝ። «ባዝራ የሚታለበው በየት አገር ነው? ቅቤ ልታወጪለት ነው?» አለኝ ብሩ። ስቆ ስቆ ሲደክመው ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት። የራሱ ውርንጭላ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ልወስድ ተስማማን፤ እንዳለውም ባዝራዋ ስትወልድ አለብኳት። እንዳይበላሽ ደግሞ ጁስ ቤት ያላት ሰርክአዲስ ፍሪዘሯ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። የማንጎ ጭማቂ መስሎት አንድ ሰው እንዳይቀዳው፣ «የታመመ ሰው መድኃኒት» ብላ ጽፋበታለች።

አሁን ወደ ሌላው። የላኩልኝ ጡጦ ለውርንጭላ ነው። አሁን የምጠይቅዎ ጡጦ ግን ለውርንጭላ አይደለም።

አርግዣለሁ። ለጣሀም አልነገርኩትም። ሲነገር ክታብ ይመጣል፣ ጠበል ይመጣል፣ የሚያዝንልኝ ሰው ይመጣል፤ ከሁሉም የማልችለው የመጨረሻውን ነው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሁለቱም ልጆቼ ጠብተው ነበር። ሁለቱም ቢጫ ሆነው ነው የሞቱት። እኔ ነኝ በጡቴ የገደልኳቸው ማለት ነው፤ ሳላውቅ። ይኼኛውን አላስነካውም። እዚሁ ቤቴ ወልጄ፣ አንዲት ጠብታ ሳላቀምሰው በቆርቆሮ ወተት አሳድገዋለሁ። እንደ ዳሚት ሁለት ጀንበር ብቻ አልልም፤ ለሁልጊዜው እከለክለዋለሁ፣ ጥርጣሬ እንዳይቀርብኝ።

ትክክል ነኝ አይደል? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ጣይባ


ከደጋን በላይ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በሀፊዝ እጅ የላክሁት ሳይደርስዎት አልቀረም ብዬ መልስ ስጠብቅ ከረምኩ፤ ምንም አልመጣም። ይህን ግን ጣሀ በስልኩ ይልከዋል፤ ምሥራች ነውና።

ዳሚት ወለደች። ባዝራ ሰው እያያት አትወልድም ይባላል። ስለዚህ ጠዋቱን ስትተኛ ስትነሳ፣ ወደ ጎኗ እየዞረች ሆዷን ስታይ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ምስር ስለቅም ነበር። ፍርሃቴን እንዳታውቅብኝ መንዙማ አንጎራጉራለሁ፤ ምስሩ ውስጥ ግን ያለቀምኩት ድንጋይ መብዛቱን ማታ ጥርሳችን ነገረን። የሽርት ውሃዋ ሲፈስ ስሰማ ዞርኩ። በነጩ ሽፋን ውስጥ ሁለት የፊት እግሮች፣ በላያቸው የተጋደመ አፍንጫ፣ ከዚያ ያ ጆሮ መጣ። በቅሎነቱን ጆሮው ቀድሞ ነገረን።

ሽፋኑን ከአፍንጫው ላይ ገፈፍኩለት፤ በጭድ አሸሁት። እትብቱ በራሱ ተበጠሰ፣ አዮዲኑን ነካሁት። እግሩ ተንቀጥቅጦ እንደቆመ የመጀመሪያ ሥራው ጡት ፍለጋ ሆነ። እማ ፋጡማ በር ላይ ቆመው «በይ ይጥባ እንጂ» አሉኝ። አፉ ጡቷን ሊይዝ ትንሽ ሲቀረው አቅፌ ወደ አጥሩ ማዶ አሻገርኩት። እማ ፋጡማ «የእናትና የልጅ መሐል የገባ እጅ» ብለው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

አጎቴ፣ ከባድ ነው። ዳሚት አንገቷን በአጥሩ ላይ አሻግራ ላሰችው፣ ጮኸች። እርሱም ጮኸ። እኔም አለቀስኩ፤ አልከፈትኩም። የእንግዴ ልጁ ሙሉውን ወጣ፣ ዘርግቼ አየሁት። ጡቷን አለብኩ። እንገሯ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ነው፤ ያ የሚያምር ነገር ሁለቱን የገደለው መሆኑን እያሰብኩ አመድ ላይ ደፋሁት። ጣሀ ከሰርክአዲስ ቤት በበረዶ ሸፍኖ ያመጣልኝን የብሩን ባዝራ እንገር ለብ ባለ ውሃ አሟሙቼ በጡጦው ሰጠሁት። መጀመሪያ ነከሰኝ፣ ከዚያ ገባው። እንገሩ ሲያልቅ የፍየል ወተት ተካሁለት።

ሦስተኛው ቀን ሲነጋ ከንፈሩን ገለጥኩ። ድዱ ቀይ ነው። አጥሩን ከፈትኩት። ትጠላዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አሸተተችውና እግሯን ከፈት አደረገችለት። ዛሬ ግቢውን እየፈጨው ነው። እማ ፋጡማ ትናንት ወደ ጋጣው ሄደው ሲያዩት ቆዩ።

የርቢ ደንብ የሚቆጥረው ሕያዉን ነው። የመጀመሪያዋ በቅሎ የእርስዎ ነበረች፤ ስለዚህ ይኼኛው የእኔ ነው። ስሙን አብሽር ብዬዋለሁ።

አሁን ጥርጣሬ የለኝም። ያሰብኩትን አደርጋለሁ። ያ የጠየቅኩዎት ዕቃ ይላክልኝ።

ልጅዎ ጣይባ


ጣኢፍ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017

ጣይባ፣

ሰላም ሳልልሽ ልጀምር፤ ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ሀፊዝ ጅዳ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ ደብዳቤሽን የሰጠኝ ትናንት ነው። ይዤው ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ባለቤቱ የሴቶች ሐኪም ናት፤ ቤቱ ወሰደኝና የጻፍሽውን ነገርኳት። ጽፋ የመለሰችልኝን ቃል በቃል አስፍሬልሻለሁ።

ባዝራና ሴት በዚህ አንድ አይደሉም። የባዝራ ጦር በእንገሯ ያልፋል። የሴት ጦር ግን የሚያልፈው ሕፃኑ ገና ማኅፀን ሳለ፣ በደም ነው። ልጆችሽን የጎዳቸው ጡትሽ አይደለም። ጡትሽ ንጹሕ ነው፣ ለሕፃኑ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው። ጡት ብትከለክይው አታድኚውም፤ ቤት ብትወልጂ ግን ሦስተኛ ትቀብሪያለሽ። አሁኑኑ ደሴ ሄደሽ ደምሽን አስመርምሪ፣ የጣሀም ይመርመር። ሐኪም እየተከታተለሽ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትወልጂው።

ይህን ለወረቀት ብቻ ልተወው አልቻልኩም። የጣሀን ቁጥር አስደወልኩና ስልኩን አፌ ላይ ደቅኜ ጮህኩ። ማን እንዳነሳው፣ ተነስቶም እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቃል አልሰማሁም። ልጆቹ «ቀጥል» ብለው በእጃቸው ሲያሳዩኝ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ደጋገምኩት። ሰምተሽኝ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ካልሰማሽኝ ይኸው ጻፍኩት።

ጡጦ አልክልሽም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ኑርሁሴን


ደሴ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017

ለውድ አጎቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰምተንዎታል። እኛ ብቻ አይደለንም፤ ደጋንም ሳይሰማዎት አልቀረም።

እሑድ ምሳ ላይ ነበርን። ጣሀ የውጭ አገር ቁጥር ሲያይ ሰው ሞተ ብሎ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ጣይባ አርግዛለች፤ ደሴ ውሰዷት፤ ጡትሽን እንዳትከለክይው፤ ገዳዩ ጡትሽ አይደለም» ሲሉ እጄ ከማዕዱ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ጣሀ «አጎቴ፣ አጎቴ» ይላል፤ እርስዎ እንደገና ከ«ጣይባ አርግዛለች» ይጀምራሉ። ስልኩ ተዘጋ። ጣሀ ሆዴን አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ። «ለእኔ ሳትነግሪኝ ለሳውዲ?» አለኝ። ልቡ ማዘኑን አወቅኩ። ከዚያ እጁን ታጥቦ «ነገ ፋብሪካ አልሄድም፣ ደሴ ነን» አለ።

እማ ፋጡማ ማታ ክታብ ይዘው መጡ። አንገቴ ላይ አሰርኩት፤ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥም ገባሁ። ሁለቱ አይጣሉም።

ዶክተሩ የሁለታችንን ደም አስወስዶ አየ። «ሾተላይ የምትሉት ይኼው ነው» አለን፤ እንደ ጉንፋን ቀለል አድርጎ። ቀድሞ የሚወጋ መርፌ ነበረ፣ እኔ ግን አልፎኛል። ቢሆንም መንገድ አለው፤ በየጊዜው መጥቼ ሕፃኑ በመሣሪያ ይታያል፣ ካስፈለገም ቀኑ ሳይደርስ ይወለዳል፣ ቢጫ ከሆነ በመብራትና ደም በመቀየር ይታከማል። «ይተርፋል?» አልኩት። «ቃል አልገባልሽም፤ ቀጠሮ ባታጓድይ ግን ብዙዎች ይተርፋሉ» አለኝ። ቃል ቢገባልኝ ኖሮ አላምነውም ነበር።

ስለ ጡቴም ጠየቅኩት። «ማነው ይከለከል ያለሽ?» አለኝ። «አንዲት ባዝራ» አልኩት። ጣሀ እስኪያስነጥሰው ሳቀ፤ ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው።

ሰዓቴ ሲቀርብ የአክስቴ ልጅ ፊርደውስ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቷ ታሳርፈኛለች። ቀጠሮ አላጓድልም፤ መንገድ ቢዘጋ በዳሚት እመጣለሁ።

ልጅዎ ጣይባ


ጣኢፍ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017

ለጣይባ መሕሙድ፣

ሰላምና በረከት ከእናንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ሳነብ ጮክ ብዬ ስቄ ኖሯል፤ ፈረሶቹ ደነበሩ አሉኝ።

አብሽር የአንቺ ነው፤ የርቢውን ደንብ በትክክል ቆጥረሻል። ዳሚትም ከዛሬ ጀምሮ የርቢ አይደለችም፣ አንቺው ባለቤቷ ነሽ። ለማንም እንዳትሸጫት፤ ተሳስቼ እኔ ራሴ ሽጫት ብልሽም እንዳትሰሚኝ። ከእንግዲህ ግን ከአህያ ጋር ቃርሚያ ላይ አትልቀቂያት።

የሐኪሙ ባለቤት ባየችኝ ቁጥር ጣቷን ወደ ሆዷ እያመለከተች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሆጤ፣ ደሴ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018

ለአጎቴ ለኑርሁሴን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለሐኪሙ ባለቤት ሴት ናት ብለው ይንገሯት። ስሟ ቢልቂስ ነው።

ቀኗ ሳይደርስ ነው የወለዷት፤ ዶክተሩ ደሟ እየቀነሰ ነው ብሎ። ስትወጣ አለቀሰች። ሲያሳዩኝ ግን አየሁት፤ ያ ቢጫ ከዓይኗ ጀምሯል። ወዲያው ይዘዋት ሄዱ። ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኟት፤ ደሟንም ቀየሩላት። ጣሀ ደም ስጥ ቢባል ሁለት እጁን ዘረጋ። የእርሱ እንደማይሆን ነግረው የሚሆነውን ከደም ባንክ አመጡላት።

እኔ በመስተዋቱ ማዶ ቆሜ ነበር። ጡቴ ተወጥሮ ልብሴን አርሶታል። እርሷ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅዋ አይሰማኝም። ነርሷ ዞር ባለች ቁጥር በሩን ልገፋ እጄ ይነሳል። ዳሚት አጥሩ ላይ ስትጮህ የሆነችውን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። እማ ፋጡማ አጥሚት ይዘው ከደጋን መጥተው ነበር፤ አጠገቤ ቆመው «አንቺም ያን ጊዜ አልከፈትሽም፤ እነርሱም ሲያበቁ ይከፍቱልሻል» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህን እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ ነርሷ አቅፋ አመጣችልኝና «በይ አጥቢያት» አለችኝ። እጄ ሳላዘው ሄዶ ጡቴን ሸፈነው። አውቃለሁ፣ እርስዎም ዶክተሩም ነግራችሁኛል፤ እጄ ግን አልሰማም ነበር። ነርሷ ጠበቀችኝ። ቢስሚላህ ብዬ እጄን አነሳሁ።

ጠባች። ማታ ድዷን ገልጬ አየሁ፣ ጠዋትም አየሁ፣ እስካሁንም አያለሁ። ቢጫው ለቋታል። ዶክተሩ ትናንት ወደ ፊርደውስ ቤት ሸኘን፤ ለደሟ ገና እየተመላለስን እንታያለን። አብሽር ገመድ መበጠስ ጀምሯል ብሎ ጎረቤት ልኮብኛል፤ ስመለስ እንተያያለን።

የእጅ ጽሑፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ጡቴን እንደያዘች ስለተኛች የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

ልጅዎ ጣይባ